ዶሎን ላይ የሚቆረጥ ትንፋሽ

ቡሩል ቁጥር ስታይ ዓይኗን ግማሽ ትጨፍናለች። የማያውቃት ሰው እንቅልፍ የጣላት ይመስለዋል። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ገመዱን ከመኪናው መሪ ሥር ሰክታ፣ ሞተሩ እየሠራ እሷ በቀስታ ታንጎራጉራለች። ቁጥሮቹ መስኮት ላይ እንደሚያርፍ በረዶ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እሷም በዓይኗ ትሸኛቸዋለች።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ፣ "ምኑን ነው የምታነቢው? እኔ እንደሆንኩ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣብኛል" አልኳት።

"ቁጥሩን አላነበውም፣ አፓ። ሲያልፍ የሚተወውን መስመር ነው የማየው። የተራራ ጫፍ ይመስላል። ተራራው ካማረ ሞተሩ ጤነኛ ነው።"

አፓ እናትም ነው አያትም ነው። በኔ ዕድሜ ያለች ሴት የሰፈሩ ሁሉ አፓ ናት።

ይህን የነገረችኝ ፊደል በምታስተምረኝ ሰሞን ነበር። እኔ በተወለድኩበት ከፍተኛ ሜዳ፣ ያክ ከሚባሉት ጸጉራም የተራራ ከብቶቻችን በቀር ጎረቤት በሌለበት አገር፣ ትምህርት ቤት የሚባል አልነበረም። ወደ ናሪን ከተማ ስወርድ ስልሳ ዓመት አልፎኛል። ረቡዕ ረቡዕ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቡሩል ጥጓ አስቀምጣ ታስተምረኝ ጀመር። ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል "ዘይት" የሚል ነው፤ ምድጃው አጠገብ ባለ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ነበር። ቆርቆሮውን አቅፌ ቤት ልወስደው ምንም አልቀረኝም።

ጥጓ የምለው ካሪፕቤክ ጋራዥ ውስጥ ያለችውን ቦታዋን ነው። ካሪፕቤክ በከተማችን አንጋፋው መካኒክ ነው፤ ጋራዡም የሱ ነው። ከበሩ በስተቀኝ፣ ከምድጃው ፊት ለፊት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ ሶኬት አለ። ያ የቡሩል ነው። ወንዙ ከግድግዳው ጀርባ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፤ እሷም ሳታውቀው የምታንጎራጉረው በወንዙ ድምፅ ልክ ይመስለኛል።

አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በልጅነቷ ጎኑ ተቀምጣ ተራራውን ሁሉ አብራው ወጥታለች። "ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚ፤ አሁን ትንፋሽ አጠረው፣ ሦስት ሺህ ሜትር ደርሰናል ማለት ነው" ይላት ነበር አሉ። ዓይኗን መጨፈን የተማረችው ያኔ ነው። ከዚያ አድጋ አሥራ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተማረች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሩሲያ ሄደ፤ በመጀመሪያ በየሳምንቱ ደወለ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ በመጨረሻ ሌላ ሴት የታቀፈችው ሕፃን ፎቶ በሰው ስልክ መጣ። ቡሩል ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ "ጆሮው የሱ ነው" ብላ ስልኩን ለባለቤቱ መለሰች። ስለ እሱ ሌላ ነገር ስትናገር አልሰማኋትም። ትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜዋን ሲቀንስባት ያገለገለ ኮምፒውተርና መኪና የሚያነብ ገመድ ገዛች። የአስተማሪነት ጋዋኗን ግን አልጣለችም። ኪሱ እስከ ዛሬ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል፤ እጅጌው ደግሞ ግራሶ።

ወንዶቹ "መምህርት" ይሏታል፤ እንደ አነጋገራቸው አንዳንዴ አክብሮት ነው፣ አንዳንዴ ፌዝ።

ልጄ ጆማርት ከናሪን ቢሽኬክ ሰው ያመላልሳል። መኪናው የጃፓን ናት፤ መሪዋ በቀኝ ነው፣ ሞተሯም ቱርቦ አለው። ቱርቦ ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ ቡሩል ናት። "ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ፋን ያሽከረክራል። ፋኗ ደግሞ በሌላ በኩል አየር እየጠቀጠቀች ሞተሩን ታጎርሰዋለች። አየር በሳሳበት ተራራ ላይ ትንፋሽ ታበድረዋለች" አለችኝ። እኔም ፋኗን ወደድኳት፤ እኔ በተወለድኩበት አገር ትንፋሽ የሚያበድር ቢገኝ ኖሮ ስንቱ ሰው በቆየ ነበር።

በበልግ የተገዛችው መኪና በጋውን ሙሉ እንደ ወፍ ከረመች። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሕመም ገባባት። ሜዳ ላይ ምንም የላት። በመንገዱ ያለውን የዶሎን ተራራ ዳገት ስትይዝ፣ ረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጆማርት ነዳጁን ረገጥ ሲያደርግ፣ አንድ ሰው ከኋላ በገመድ የጎተታት ይመስል ቀጥ ትላለች። የተሳፋሪው ሁሉ ራስ አንድ ላይ ጎንበስ ይላል፣ በአንድ ነገር የተስማሙ ይመስላሉ። ወዲያው ትለቃለች፤ እንደገና ትያዛለች። ሰው መፍራት ጀመረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ከመንገድ ወርዳ ሌላ መኪና ጠበቀች።

ካሪፕቤክ ፊልትሮውን ቀየረ። ካንዴላዎቹን ቀየረ። "ቤንዚን ርቧት ነው" ብሎ የነዳጅ ፓምፑንም ቀየረ። መኪናዋ ዶሎን ላይ እንደ ወትሮዋ ሆነች። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ቱርቦው ሞቷል። ሞተሩን አውጥቼ ቱርቦ የሌለው ተራ ሞተር እገጥምልሃለሁ" አለው።

ጆማርት ቤት መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በማግስቱ፣ ካሪፕቤክ ምሳ ሲበላ፣ መኪናዋን ወደ ቡሩል ጥግ አስጠጋት።

ቡሩል ገመዷን ሰካች። መኪናዋ በሆዷ ይዛ የቆየችውን ማስታወሻ አነበበችና፣ "እየተራበች አይደለም። ጭነቱ ከገደብ በላይ ሲሆንባት ራሷ ነዳጁን ትቆርጠዋለች" አለችው።

ጆማርት ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ይዞ ሄደ፤ ጭነት የሚለውን። ለቢሽኬክ ዘመዶች የሚወሰደውን አራት ጆንያ ድንች አወረደ። ትርፍ ጎማዋን አወረደ። እኔ የሸመንኩትን የኋላ ወንበር ልብስ ሳይቀር ገፈፈ። በማለዳ አምስት ሰው መያዝ ሲገባው ሦስት ቀጫጭን መርጦ ያዘ። ሚስቱን ሳይቀር አስቆጥቷል፤ የሷን ወንድም "አንተ ትንሽ ደልደል ብለሃል፣ ነገ ሂድ" ብሎት ነበርና።

መኪናዋ ባዶዋንም ዶሎን ላይ ተያዘች።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋራዡ ሞልቶ ሳለ ተመልሶ ገባ። እኔም ለቡሩል ጨው ያለበት የወተት ሻይና ትኩስ ቦርሶክ ይዤላት ተቀምጬ ነበር፤ ቦርሶኩ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነውና ሲቀዘቅዝ አይጥምም።

"ጭነቱን አወረድኩ እኮ" አለ ጆማርት። "ድንቹን አወረድኩ። ሚስቴ አኩርፋኛለች። አሁን ምን ላውርድ፣ በሮቹን?"

ጎሚስታው ሳምሳክ የያዘውን ጎማ ለቀቀና ሳቀ። ሳምሳክ ከሳቀ ጋራዡ ሁሉ ይስቃል።

"መምህርት፣ ድንች እንደሚመዝን ኮምፒውተርሽ ላይ ተጽፏል?" አለ ሳምሳክ።

ቡሩል ፊቷ ቀላ፤ ግን ድምጿን አላነሳችም። "የሞተር ጭነት ድንች አይደለም፣ ጆማርት። ሞተሩ አንዴ በዞረ ቁጥር የሚጎርሰው አየር ነው። አራት ጆንያ ድንች በአንድ ጉርሻ አይገባም።"

"ታዲያ ለምን ጭነት አልሽው?"

"ስሙ ነው። እኔ አላወጣሁለትም።"

ካሪፕቤክ ከመኪና ሥር ወጣ። አልሳቀም። ጆማርት ከሱ እጅ ወደ እሷ ገመድ መሄዱ ከንክኖታል፤ ዓይኑን ስለማይ አውቃለሁ። "ስሚኝ፣ መምህርት" አለ። "እኔ በዚህ ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ብሎን ፈትቻለሁ። አንቺ ብሎን ሳትነኪ ሰው ቤት ትልኪያለሽ፣ ሰውየው ድንች ሲያራግፍ ይውላል። እስከ ዓርብ ሕመሟን ካገኘሽው ይሁን። ካላገኘሽው ቅዳሜ ሞተሩን አወጣለሁ። ጥግሽንም ለሳምሳክ እሰጠዋለሁ፤ ለጎማው ቦታ ጠቦታል።"

"እሺ፣ ባይኬ" አለች ቡሩል። ባይኬ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ እሷ በንዴትም ቢሆን ይህን ስም አትነጥቀውም።

በማግስቱ ረቡዕ ፊደል አልተማርንም። ገመዷን ጠቅልላ ስትጨርስ እንደገና ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። ያ ሶኬት ከሌላት ክረምቱን የምታልፍበት ሌላ ጣሪያ እንደሌላት አውቃለሁ። የወንድሟ ሚስት ሞስኮ ትሠራለች፤ በየጊዜው፣ "ነይ፣ ደረጃ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋሉ፤ ልጅሽን እናትሽ ጋ ተይያት" እያለች ትደውላለች። ቡሩል ሁልጊዜ፣ "ጥጌን ትቼ?" ትላታለች። አሁን ጥጓ ከሄደ ምን ብላ ትመልስላታለች?

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጆማርት መኪናዋን አመጣ። ቡሩል መጀመሪያ ያደረገችው ድንቹን መልሶ ማስጫን ነበር። ጆማርት አፉን ከፍቶ አያት።

"ሕመሙ እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ" አለችው። "የታመመች ላም ሐኪም ፊት ስትደንስ አይጠቅመኝም። አፓ፣ እርስዎም ይምጡ። ክብደት ያስፈልገኛል።"

"ድንችሽ ነኝ ማለት ነው?"

"ምርጡ ድንች።"

ደስ ብሎኝ ገባሁ። ዶሎን ስወጣ ነፍሴ ወደ ተወለድኩበት ሜዳ የምትጠጋ ይመስለኛል። ከኋላ ተቀምጬ ራሴን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩ። ፀሐይ ነበረች፤ በረዶው ግን ጥላ ጥላውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ፈረሶች ነፋሱን በጀርባቸው ተቀብለው ቆመዋል፣ ጅራታቸው ብቻ ይሄዳል። ከፊት ቡሩል ታንጎራጉራለች። የሞተሩ ድምፅ፣ የሷ ድምፅና የድንቹ መንከባለል አንድ ላይ ተቀላቅለው ሸለብ አደረገኝ።

እናቴ መጣች። ጥቁሩ ያካችን በረዷማው ማለፊያ አፍ ላይ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ድንኳናችን አለ። እናቴ በጣቷ አንገቱን ትፈልጋለች፣ ጸጉሩን እየገለጠች፣ ደሙ የሚመታበትን ቦታ። ስታገኘው ፈገግ አለች። ከዚያ እንስሳው ተራመደ፣ ተራመደ፣ ሮጠ፣ ያልታየ ገመድ ጫፍ ላይ ደረሰና—

ራሴ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ። መኪናዋ ቀጥ ብላ፣ ለቅቃ፣ እንደገና ቀጥ አለች።

"ይኸው መጣ" አለች ቡሩል። ማንጎራጎሯን አቁማለች። "አትልቀቀው፣ ጆማርት። አንዴ ድገመው። በሦስተኛ ማርሽ። እርገጥ።"

ረገጠ። ተያዝን። ድንቹ ወደ ፊት መጣ።

"አቁም፣ ዳር ያዝ።"

ዝምታው ውስጥ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ቡሩል ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። መስመሩ ከግራ ተነስቶ ይወጣል፣ ይወጣል፣ የሌሎች መኪኖች መስመር በሚያርፍበት ቦታ ላይ አላረፈም፤ ከዚያም አልፎ ወጣና በድንገት እስከ ታች ድረስ ወደቀ።

"ይኼ ተራራ አይደለም" አልኩ። "ገደል ነው።"

"ገደል ነው። አየሩ በአንድ ዙር ከሁለት ተኩል ግራም ገደማ ማለፍ አልነበረበትም። ሦስትን አለፈ። ያኔ ኮምፒውተሯ 'ይኼ ሁሉ ጉርሻ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል' ብላ ነዳጁን ቆረጠች። እሳት ሊነካ ሲል የልጇን እጅ እንደምትመታ እናት።"

እኔም ሕልሜ ገና ዓይኔ ላይ ነበርና፣ "የራበው ፈረስ እኮ እንዲህ አይቆምም" አልኳት። "የራበው ቀስ እያለ ይደክማል። እንዲህ ድንገት ተጎትቶ የሚቆመው የታሰረ ነው። ጉልበት ሞልቶት ይሮጣል፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚጎተተው።"

ቡሩል ወደ ኋላ ዞረችልኝ። "የታሰረ" አለች ቀስ ብላ። "ጉልበት ሞልቶት። እሺ፤ ታዲያ በቃሽ የሚላት ማን ነበር?"

ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። እኔም ወረድኩ፤ ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ታገለኝ። ጆማርት ኮፈኑ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ይዟል።

"ፋኗ ከልክ በላይ እንዳትሽከረከር ጭሱን በጎን የሚያሳልፍ ትንሽ በር አላት" አለች፣ ለኛ ይሁን ለራሷ አላውቅም። "በሩን የሚከፍተው ያ ክብ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው 'በቃ' የሚለውን ቃል የሚሰማው ደግሞ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። ቃሉ ካልደረሰው በሩን አይከፍትም፣ እሷም ማጉረሷን አታቆምም።"

ጣቷን በቱቦዋ ላይ ማስኬድ ጀመረች፤ እኔ ሳነብ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እንደምታስኬድልኝ። ከአንዱ ጫፍ ተነስታ፣ ቀስ እያለች፣ ጠማማው ጋ ዞራ ገባች። እዚያ ቆመች።

 ጣቷ የቆመበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

መኪናዋ የተገዛች ዕለት ጆማርትን ኮፈኑን ክፈትልኝ፣ ሞተሩንም አስነሳልኝ ብዬው ነበር። በእናቴ አገር ተራራ የሚያልፍ ከብት ሁሉ አንገቱ ላይ፣ ደሙ የሚመታበት ቦታ ላይ፣ ከጥቁርና ከነጭ ሱፍ የተፈተለ ክር ይታሰርለታል። እንዳይነጠቅ፣ እንዳይገደል፣ እንዲመለስ። እኔም እጄን ሰድጄ የመኪናዋን ደም ሥር ፈለግኩ። ሁሉም ነገር ብረት ነው፣ ያቃጥላል። አንዲት ቀጭን ጎማ ብቻ ጣቴ ሥር ሕይወት እንዳለው ነገር ተርገበገበች። እዚያ ላይ በሦስት ቋጠሮ አሰርኩላት። ላላ አድርጌ ነበር። እናት አጥብቃ አታስርም።

ሱፉ ግን ሱፍ ነው። በቅጠል መርገፊያው ሰሞን የጆማርት አጎት ልጅ ሲያገባ መኪናዋ ሙሽራ ልትይዝ ሞተሯ ሳይቀር ታጥቦ ነበር። ውኃና ሙቀት ሱፍን ምን እንደሚያደርጉት ከኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ የፈላ ውኃ እያፈሰስኩ፣ እያንከባለልኩ፣ ለድንኳንና ለወለል ወፍራም ልብድ ስሠራ ኖሬያለሁ። ክሩ ተጨማደደ፣ ጠበቀ፣ ሙቀት ያለሰለሳትን ቱቦ እንደ ጉሮሮ አንቆ ያዛት። የ"በቃ" ቃል እዚያ ጋ ቀረ።

ቡሩል ቀና ብላ አየችኝ። ቋጠሮውን ታውቀዋለች፤ ፊደል የምጽፍበትን ደብተሬንም የማስረው በዚያው ቋጠሮ ነው።

"አፓ" አለ ጆማርት ኮፈኑን እንደያዘ። "ይኼ ያኔ ያሰርሽው ነው?"

"ነው።"

"ሁለት ወር ሙሉ ያሰቃየኝ ይኼ ነው?"

"ሁለት ወር ሙሉ።"

ቡሩል ከጋዋኗ ኪስ ትንሽ መቀስ አወጣች። ክሩ ጎማው ውስጥ ሰምጧል፤ ሊፈታ አይችልም። መቀሱን ወደ እኔ ዘረጋችው። "እርስዎ ይቁረጡት። የእናት ክር ነው።"

መቀሱን አልተቀበልኩም። እኛ ዘንድ ሕፃን መራመድ ሲጀምር እግሩን በጥቁርና ነጭ ክር ያስሩታል። ልጆች ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ክሩን ይቆርጥለታል፣ ሕፃኑም እንደ ቆራጩ እንዲራመድ ይመረቃል። ክር ያሰረ አይቆርጥም።

"አንቺ ቁረጪው" አልኳት።

"ቡሩል ሩጫ አላሸነፈችም እኮ" አለ ጆማርት።

"ስትሮጥ ያየኋት እኔ ነኝ። አንተ ኮፈንህን ያዝ።"

ቆረጠችው። እንዲህ ያለ ትንሽ ድምፅ ነፋስ ውስጥ አይሰማም፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ክሩን ጣል አላደረገችውም፣ ኪሷ ከተተችው። የታነቀውን ቱቦ አውልቃ ከሳጥኗ አዲስ ቆርጣ ገጠመች።

እንደገና ዳገቱን ያዝነው። በሦስተኛ ማርሽ ረገጠ፤ ራሴን ከመስኮቱ አርቄ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። መኪናዋ ድንቹንም እኔንም ተሸክማ እንደ ጭስ ሽቅብ ሄደች። ቡሩል ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ማንጎራጎር ጀመረች። መስመሩን ከትከሻዋ በላይ አየሁት፤ ወጣና፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ጠፍጣፋ ሆኖ አረፈ። እንደ ተወለድኩበት ሜዳ። ጫፉ ላይ ደርሰን ዞርን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን፤ ሦስቴ። ለማረጋገጥ ነው አለች። እኔ ግን ሦስተኛው ለደስታ ይመስለኛል።

 ስንመለስ ከተማው ሲታየን፣ "ይኼን ነገር እኛው ጋ እናስቀረው" አለ ጆማርት። "ሳምሳክ ከሰማ አለቀልኝ። እናቱ መኪናውን አንቃ ልትገድልበት ነበር እያሉ ዕድሜ ልኬን ይስቁብኛል። በአፓም ይስቃሉ።"

"ቱቦ ታጥፎ ነበር እላለሁ" አለች ቡሩል። "እርስዎ አይጨነቁ፣ አፓ።"

አልተጨነቅኩም ብል ውሸት ነው። ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ፊደል ልማር ስሄድም መጀመሪያ በጓሮ በር ነበር የምገባው።

ዓርብ ጠዋት ግን በፊት በር ገባሁ። ካሪፕቤክ ምድጃው አጠገብ ቆሟል፤ ሳምሳክና ሌሎች ሦስት ወንዶች ዙሪያውን ናቸው። ቡሩል ደብተሯን ይዛ ቆማለች። ያከመችውን መኪና ሁሉ ትጽፍበታለች፤ ሕመሙን በአንድ ዓምድ፣ ያደረገችውን በሌላ፣ ምክንያቱን በሦስተኛ።

"ድናለች፣ ባይኬ። የቱርቦው ቱቦ ታንቆ ነበር። ቀየርኩት።"

"በምን ታነቀ?"

"ታጥፎ።"

ካሪፕቤክ ደብተሩን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ። ገጹን በጥቁር ጣቱ ተከተለና ሦስተኛው ዓምድ ላይ አቆመ። ባዶ ነበር።

"ይኼን ጋራዥ ከረገጥሽ ጀምሮ ጆሮዬን የምትበይኝ አንቺ ነሽ" አለ። "ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም አልተገኘም፣ ተመልሶ ይመጣል ትያለሽ። ጎማ ቦታው ላይ ተቀምጦ ራሱን አጥፎ ራሱን አያንቅም። ዛሬ አዲስ ቱቦ ነው፣ ይሮጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ዶሎን ላይ ሰው ይዞ ሲቆም ማን ይጠየቃል? እኔ። በምን ታነቀ?"

 እውነቱን ነበር፤ የተናገረው የሷኑ ቃል ነው።

"ሳምሳክ፣ ጎማህን አምጣ" አለ ካሪፕቤክ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም፣ ያን መመስከር አለብኝ።

ቡሩል ወደ ጥጓ ሄዳ ገመዷን መጠቅለል ጀመረች። የኔን ስም ላለማንሳት አፏን እንደ ቋጠሮ ዘግታዋለች። አንዴ ጠቀለለች፣ ልትፈታ ስትል እጇን ያዝኩት።

"በክር ነው የታነቀችው" አልኩ ወደ ወንዶቹ ዞሬ። "ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንዳትነጠቅ ብዬ ደም ሥሯን ፈልጌ አሰርኩላት፣ ታጠበች፣ ሱፉ ጠበበ። ቡሩል ናት በጣቷ ያገኘችው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ መስመሩ ላይ። አውጪው፣ ልጄ፤ ኪስሽ ውስጥ ነው።"

ክሩን አወጣችው። የጣት ቀለበት ያህል ጠንካራ ጥቅል ሆኗል። ካሪፕቤክ መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፣ በሁለት ጥፍሩ ሊያላቅቀው ሞከረ፣ አልላቀቅ አለው።

ሳምሳክ ሊስቅ አፉን ሲከፍት አየሁ። "ስለዚህ የጆማርትን መኪና ያነቀቻት—"

"ዝም በል" አለው ካሪፕቤክ። ክሩን ገና እያገላበጠ ነው። "እናቴም የመጀመሪያ መኪናዬ ላይ አስራልኝ ነበር። መስታወቱ ላይ ግን።" ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "አፓ፣ በእግዜር ይሁንብዎ፣ ከእንግዲህ መስታወቱ ላይ። ወይ እኔን ይጠይቁኝ።"

"ሞተሩ አንተን አይደለም፤ እሷን ነው የሚሰማው" አልኩት።

አሁን ሳቁ፤ በኔም፣ በሱም፣ በጆማርትም። የፈራሁትን ያህል አላመመኝም። ካሪፕቤክ ክሩን ለቡሩል መለሰላትና ወደሚሠራው መኪና ሥር ገባ። ከታች ሆኖ፣ "ሳምሳክ፣ ጎማህን ከመንገዱ ላይ አንሳ። መምህርት፣ ስትጨርሺ ይችን ነጯን አንብቢልኝ፤ ድምጿ አልገባኝም" አለ።

ቡሩል ገመዷን ፈታችው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ለትምህርት ስሄድ ደብተሬ ላይ አንድ ሥዕል ጠበቀኝ። የጆማርት መኪና ሞተር ነው፤ በኮምፒውተር ሳይሆን በእጇ የሣለችው። እያንዳንዱ ቱቦ አጠገብ በትልልቅ ፊደል ስሙ ተጽፏል። ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ አነበብኩ፤ ነዳጅ፣ ውኃ፣ አየር። ቀጭኗ ላይ ስደርስ "በቃ" የሚል አገኘሁ። ቡሩል ሻይዋን እየጠጣች ነጯን መኪና ትሰማለች፣ አልረዳችኝም። ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ምንም የማያልፍበት አንድ ደረቅ ብሎን ላይ ትንሽ ቀስት ነበረ። እዚያ ያለው ረጅም ነው፤ ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት፣ በሦስተኛው ወጣልኝ።

"እዚህ ማሰር ይቻላል።"